ከሦስቱ መልእክት አንዱ

በእኔና በእነሱ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ችፑድ ነው። ችፑድ ደግሞ ግድግዳ አይባልም፤ ጠንከር ያለ መጋረጃ ነው። የቤቱ ባለቤት አንዱን ሰፊ ክፍል ለሁለት ሲከፍሉት ከወገብ በታች ብሎኬት፣ ከወገብ በላይ ችፑድ አደረጉት፤ ያለቀባቸው ብሎኬቱ ይሁን ትዕግሥታቸው እንጃ። በዚህ የተነሳ አራት ዓመት ሙሉ የጎረቤቶቼን ኑሮ ስሰማ ኖሬያለሁ። የሰው ጉዳይ የምወድ ሴት አይደለሁም፤ ቢሆንም ጆሮዬን አውልቄ የት ላስቀምጠው?

እነሱ የምላቸው ቀጥቃጩንና ባለካውያዋን ነው። እሱ ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ መኪና ላሜራ እየቀጠቀጠ ያቀናል። ከልጅነቱ ጀምሮ ብረት በብረት ሲመታ ከርሞ ጆሮው ጥሎት ሄዷል፤ በቀኙ ጭራሽ፣ በግራው ደግሞ ካልጮኹለት አይሰማም። እሷ የሆቴል አንሶላ ትተኩሳለች። ቀኑን ሙሉ የማታውቀው ሰው የሚተኛበትን ታቃናለች፣ እሱም የማያውቀው ሰው የሚነዳውን ያቃናል። ተጋብተው የመጡ ጊዜ "እነዚህ ሁለቱ እንኳን ጎባጣ ኑሮ አይኖራቸውም" ብዬ ቀልጄ ነበር። ቀልድም አንዳንዴ ይፈርድብሻል።

ጨው ሲያልቅባቸው ግቢው በሙሉ ያውቃል።

"ጨው አልቋል!"

"ምን?"

"ጨው! ጨው!"

አንድ ቀን ከወዲያኛው ጫፍ ያለችው፣ እኛ ራዲዮ የምንላት ጎረቤታችን፣ በሲኒ ጨው ይዛ መጣችና "እኔ ሰምቻለሁ፣ እንኪ፤ እሱን ተይው" አለቻት። ሳቅን። ባለካውያዋም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ይህቺ እጅ ናት ነገሩን ሁሉ ያመጣችው። ባለካውያዋ ከልጅነቷ ጀምሮ የፊት ጥርሷ ጫፉ ሽርፍ ነው፤ ስትስቅ፣ ስታፍር፣ ወሬው ጠንከር ሲል አፏን በእጇ ትከድናለች። ቀጥቃጩ ደግሞ የሚሰማው በዓይኑ ነው፤ ከንፈር ያነባል። ከሁሉ አብልጦ የሚያነበው የእኔን ነው። "እትዬ፣ ያንቺ አፍ እንደ ጋዜጣ ርዕስ ነው" ይለኛል፤ ሰፊ ነው ለማለት ነው ባለጌው። የሚስቱ አፍ ግን ለተራው ነገር ብቻ ክፍት ነው። ጨው አልቋል ይሰማል፣ ልጅቷ አለቀሰች ይሰማል። ከልቧ የሚወጣው ሁሉ ከእጇ ጀርባ ይቀራል።

ሲመሽ ይብሳል። መብራት ሲጠፋ እኛ ማየት ነው የሚያቅተን፤ እሱ መስማትም አብሮ ይቀርበታል። ይህን ስላወቀ ከአንድ የተጨፈለቀ መኪና ጣሪያ ላይ አነስተኛ መብራት ፈትቶ አምጥቶ ከአልጋቸው በላይ ሰቀላት። "ፊትሽን እንዳይ ብዬ ነው!" አላት። አላት ማለት፣ ለሁላችንም ነገረን። እሷ ግን ልክ ሲተኙ ቀጭ አድርጋ ታጠፋታለች። ለምን ቢሉ፣ ችፑዱ በምስማር ተበሳስቷል። ከእኔ በኩል ቆጥሬዋለሁ፤ አሥራ አንድ ቀዳዳ። መብራቷ ስትበራ አሥራ አንድ ኮከብ ግድግዳዬ ላይ ይወጣል። እሷም ይህን ታውቃለች።

ልጃቸው ሚጢጢዋ ስትወለድ እናቷ ሁለት ቀን አማጠች። በመጨረሻ ከታች ቀደው ልጅቷን አወጧት፣ ከዚያ እናቲቱን ሰፏት። ልጅቷ ደህና፣ እናቷም ደህና ተባለ፤ እኛም እሰይ ብለን ተበተንን። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ማን ይጠይቃል? ልጅ እንጂ እናት አትጠየቅም።

ልጅቷ ዓመት እንዳለፋት በአንድ የእረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተኝታ ሳለ፣ ቀጥቃጩ በዚያ ልክ በማያውቀው ድምፁ "ስነካሽ ለምን እንጨት ትሆኛለሽ? ጠላሽኝ ወይ?" አለ።

ግቢው በሙሉ ሰማ። ልብስ የሚያሰጣው እጁ ገመዱ ላይ ቀረ። ቀጥሎ ራዲዮ ሳቀች። በማግስቱ ቧንቧው ጋ ተሰልፈን ሳለ ባለካውያዋ ጀሪካኗን ይዛ ብቅ ስትል አንዷ "እንጨቷ መጣች" አለች። ሌላዋ ተቀብላ "እርጥብ ናት ደረቅ?" አለች። እኔም፣ ምን ብዬ እዋሻለሁ፣ ሳቅኩ። ባለካውያዋ ውኃዋን ሳትቀዳ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱ መጠየቁን፣ እሷም ለመመለስ ማሰቡን ተዉት።

ወደ እኔ የመጣችው ከዚህ ስድስት ወር በኋላ ነው። እኔ ልብስ አስተካክላለሁ፤ የሰፋውን አጠባለሁ፣ የጠበበውን አሰፋለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ።

"እትዬ፣ ሥራ ላይ ነሽ?"

"ማሽኑ ነው ሥራ ላይ ያለው። እኔ እግሬን ነው ያዋስኩት። ግቢ።"

ሚጢጢዋን መሬት አስቀምጣ ባዶ የክር መጠቅለያ ሰጠቻት። ከዚያ ስለ ዚፕ ማውራት ጀመረች። የብረቱ ይሻላል ወይስ የፕላስቲኩ? የቱ ነው ቶሎ የሚበላሽ? ሩብ ሰዓት ያህል ታገስኳት።

"ልጄ፣ ስለ ዚፕ ልታወሪ እንዳልመጣሽ ዚፑም አውቋል" አልኳት።

እጇ ወደ አፏ ሄደ። "ልጅቷ ከተወለደች ወዲህ…" የቀረው ተዋጠ።

"እጅሽን አውርጂ፤ አሁን እኔንም ልታደነቁሪኝ ነው።"

አወረደችው። ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሌላው እጇ ያዘችው፣ እንዳያመልጣት። "ከእሱ ጋር ስሆን ያመኛል።"

"ምንሽን?" አልኩ፣ እንደ ሞኝ።

"ኧረ እትዬ! ምኔን ይሆን? የተሰፋሁበትን ነዋ። ምላጭ ነው። ጥርሴን ነክሼ ነው የማልፈው። ሲነካኝ ገና ሰውነቴ አስቀድሞ ይደርቃል፤ እኔ ሳላዘው።"

"ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ? እሱስ ምን ይላል?"

"ምን ያውቃል? ጨለማ ነው። ቀስ ብዬ ብናገር አይሰማም። ብጮህ ደግሞ…" በአገጯ ወደ ችፑዱ አመለከተች። "ነገ ራዲዮ ታስተላልፈዋለች።"

"መብራቷን አብሪና ፊት ለፊት ንገሪዋ።"

"አንቺ ለባለቤትሽ መብራት አብርተሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ?"

ማሽኔን ረገጥኩ። እኔና ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ስለ አልጋ የተነጋገርነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እግሩ የተሰበረ ዕለት። የአልጋው እግር።

ባለካውያዋ ጤና ጣቢያ ሄዳ እንደነበር ያን ጊዜ ነገረችኝ። ሲስተሯ አይታት "ጠባሳው ነው፣ ይድናል" ብላታለች። ቅባት አለው፤ ለተወሰነ ጊዜ ቀስ ማለት አለው፤ ከሁሉ በላይ ግን ሁለታችሁ መነጋገር አለባችሁ፣ ሐሙስ ከባልሽ ጋር ነይ፣ ለአንቺ ብቻ ብነግርሽ ግማሽ መድኃኒት ነው ብላታለች።

"ለእሱ አንቺ ንገሪልኝ" አለችኝ። "ያንቺን አፍ ያነባል። ጋራዥ ሂጂ፣ እዚህ እንዳይሆን። ሦስት ነገር ብቻ ነው።" ጣቶቿን ዘረጋች። "አንድ፣ ያማታል በይው፤ ከስፌቱ ነው፣ በእሱ አይደለም። ሁለት…" አንገቷ ድረስ ቀላች። "ሁለት፣ አልጠላሁትም። እጁ ይናፍቀኛል። ሦስት፣ ሐሙስ በአራት ሰዓት አብሮኝ ይምጣ።"

"ሁለተኛውን እንዴት አድርጌ ነው የምናገረው? የሰው ባል እኮ ነው!"

"እንደነገርኩሽ አድርገሽ" አለች። ስትወጣ ከበሩ ዞር ብላ፣ "እትዬ፣ ሁለተኛውን እንዳትረሺው" አለችኝ።

ማክሰኞ ከምሳ በፊት ጋራዡ ሄድኩ። ቀጥቃጩ አንድ የመኪና በር ርብራብ ላይ አጋድሞ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ያሳልፍበታል። አሠራሩ ይህ ነው። "ጎድጓዳውን ዓይን አያየውም እትዬ፣ እጅ ነው የሚያገኘው" ብሎኝ ያውቃል። መዳፉ አንድ ቦታ ቆመ። መዶሻውን አነሳና ከውስጥ በኩል ቀስ፣ ቀስ አድርጎ መታ፤ እንቁላል እንደሚልጥ ሰው። እንዲህ ላለ እጅ ምን አስቸጋሪ መልእክት አለው? ብዬ ተጽናናሁ።

ዓይኑን ሲገልጥ አየኝ። "እትዬ! ምን እግር ጣለሽ?" አለ። ጋራዡ በሙሉ ዞረ።

"ስለ ባለቤትህ ነው" አልኩት፣ ያለ ድምፅ፣ በከንፈሬ ብቻ።

"ሚስቴ ምን ሆነች?" ብሎ ጮኸ።

ቀለም ቀቢው መርጫውን አጠፋ። ከመኪና ሥር የተኛ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ። እኔ ያኔ ነው የገባኝ። እኔ በሹክሹክታ የማስገባለትን እሱ በጩኸት ነው የሚያወጣው። ያማታል ብለው፣ የት? ብሎ ይጮሃል። እጅህ ይናፍቃታል ብለው፣ ምኔ? ይላል። በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት። የተሸከምኳት የሰው ገበና ናት፤ የራሴም ክብር አለኝ።

"ትንሽ አሟታል" አልኩት። "የሴት ሕመም ነው። እሷ ራሷ እስክትነግርህ ለጊዜው አትንካት።"

አፌን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ፣ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰማሁት። "እሷ ናት እንዲህ በይው ብላ የላከችሽ?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ልካኛለች፤ ውሸት አይደለም።

"ጠልታኛለች?"

ቀለም ቀቢው ጨርቅ የሚፈልግ መስሎ አጠገባችን ደረሰ። ያ የጋዜጣ ርዕስ የተባለ አፌ ተዘጋ። የቀጥቃጩን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረግኩና "ያልፋል" ብዬው ወጣሁ። አልጠላችህም ማለት ስንት ፊደል ነው? ያቺን ቃል ብያት ይሆን ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ። አላልኩም።

መንገድ ላይ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ የቀረውን ማታ ቤቱ ሲገባ እነግረዋለሁ አልኩ። በሩ ላይ ስደርስ ግን ባለካውያዋ ልጅቷን አዝላ ቆማለች።

"ነገርሽው?"

"ነገርኩት።"

"ሦስቱንም?"

ፊቷን አየሁት። ፈተና ያለፈ ልጅ ፊት ነበር። "ሦስቱንም" አልኩ።

"ሁለተኛውን ስትነግሪው ምን አለ?"

"ደነገጠ። አንገቱን ደፋ፤ ወንድ አይደል?" ውሸቴ ሲያንሰኝ ዘርፍ አወጣሁለት።

ያን ዕለት ባለካውያዋ ፀጉሯን ታጠበች። አንሶላዋን በካውያ ስትተኩስ የእንፋሎቱ ድምፅ በችፑዱ በኩል ይሰማኛል፤ የሆቴሉን ስትተኩስ የምታፏጨውን ዜማ ታፏጫለች። ሲመሽ አሥራ አንዱ ኮከብ ግድግዳዬ ላይ ወጣ። አልጠፋም። እሱ ሥራውን ጨርሶ ገባ፤ ራቱን በላ፤ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፤ ከዚያ ፍራሽ ነገር መሬት ላይ ዱብ አለ። መሬት ላይ ነው የተኛው፣ ከልጅቷ አጠገብ። አትንካት ተብሏል፤ አልነካትም። መብራቷን ያበራችለትም መሬቱ እንዲታየው መስሎታል። ጥቂት ቆይቶ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የቀረውን ነገር ጠዋት እነግረዋለሁ አልኩ። ጠዋት ቀድሞኝ ወጣ። ማታውን ደግሞ ዝናብ ነበር። ሐሙስ በአራት ሰዓት ባለካውያዋ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጠች። ሲስተሯ "ባልሽስ?" ስትላት "ሥራ በዝቶበት ነው" አለች። ቅባቱን ሰጠቻት፤ ግማሽ መድኃኒት።

ከዚያ በኋላማ እንዴት ልንገረው? እሱን ብነግረው እሷ ውሸቴን ታውቃለች። አንድ ቀን ያለፈ ውሸት ሁለተኛ ቀን ይከብዳል፣ ወር ሲሞላው አይነሳም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ወለምታ እንኳ አይደለም፣ የተዘጋ አፍ ነው፤ የተዘጋውን ደግሞ ምን ያሹታል?

ቤታቸው ሰላም ሆነ። ማለቴ ጩኸት ቀረ። እሱ ከጋራዥ የአሮጌ መኪና የኋላ ወንበር አምጥቶ መኝታው አደረገው። ጨዋ ሆነ፤ ውኃ ይቀዳል፣ ልጅቷን ያጥባል፣ ሚስቱ ስታልፍ ገፍቶ እንዳይነካት ግድግዳውን ተጠግቶ ይቆማል። እሷ ይህን ታያለች። ጨው ሲያልቅ ባዶውን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥለታለች፤ እሱም ይሞላዋል። ራዲዮ ሳትቀር "እነዚህ ልጆች እንዴት ያለ ፍቅር ናቸው፣ ድምፃቸው አይሰማም" አለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ የምለው ይነቅዛል፤ ከውጭ ሲያዩት ቅርፊቱ ሙሉ ስለሆነ ነው።

በስምንተኛው ወር፣ በአንድ የእረፍት ቀን ረፋዱ ላይ፣ ባለካውያዋ ያዋስኳትን መቀስ ይዛ መጣች።

"እህቴ ጋ ልሄድ ነው" አለች። "ሚጢጢን ይዤ።"

"ለስንት ቀን?"

ፈገግ አለች፤ እጇን ግን አፏ ላይ አላደረገችም። "እትዬ፣ እሱን አልወቅሰውም። አንቺ ነገርሽው፣ ሰማ፣ ተጸየፈኝ። የተቀደደ ልብስ አንቺ ትጠግኚዋለሽ እንጂ ማን ይለብሰዋል?"

መቀሱን ተቀብያት እጄ ላይ ቀረ። "አልነገርኩትም" አልኩ።

"ምኑን?"

"ያማታል፣ አትንካት አልኩት። ከዚያ ዝም አልኩ።"

"ሁለተኛውንስ?"

"አልነገርኩትም።"

"ሐሙስንስ?"

"ሰው ነበረ… አፈርኩ። አልነገርኩትም።"

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ምነው በሰደበችኝ ኖሮ። መሬት መሬት እያየች "ሐሙስ ዕለት ሁለት ሰዓት ሙሉ በሩን ሳይ ነበር" አለች። "ሰው በገባ ቁጥር ቦታ እለቅለት ነበር፣ ለእሱ የያዝኩትን።" ከዚያ ወጣች።

ቀጥቃጩ ክፍላቸው ውስጥ የልጅቷን ሳፋ በገመድ እያሰረ ነበር፤ ለመንገድ። እሷ ስትገባ በሩን ክፍቱን ተወችው። እኔ ደጄ ላይ ቆምኩ። ቧንቧው ጋ አራት ሴቶች ተሰልፈዋል፣ ራዲዮም አለች።

ጮኸች። አራት ዓመት ጨው አልቋል ስትል የኖረችበት ድምፅ አይደለም።

"ያመኝ ነበር! ስንተኛ ያመኝ ነበር! የሰፉኝ ቦታ! አንተን ጠልቼ አይደለም! እጅህ ይናፍቀኝ ነበር! መብራቷን ያበራሁት አንተን ፈልጌ ነው፣ አንተን! ሐሙስ ና ብዬህ ነበር! አልነገሩህም!"

ማንም አልሳቀም። የራዲዮ ጀሪካን ሞልቶ እየፈሰሰ ነው፤ ቧንቧውን የሚዘጋ ጠፋ።

ከዚያ የእሱ ድምፅ መጣ። "አትንካት አሉኝ። አልነካሁሽም።" ቀጥሎም፣ "እጄ አውቆ ነበር" አለ። "አንድ ቦታ ጎድጉዷል ብሎ እጄ ነግሮኝ ነበር። ጉድጓዱ እኔ መሰልኩኝ።"

"ለምን እኔን አልጠየቅከኝም?"

"ጠየቅኩሽ! አንድ ጊዜ ጠየቅኩሽ! ሳቁብን!"

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ደግሞ ወዴት ልድፋው? የሳቀችውም እኔ፣ የተላከችውም እኔ።

ልጅቷ ብቻ ሳፋውን ስትመታ ይሰማል፤ እንደ አባቷ። ልቤ አንድ ነገር ተመኘ፤ ሻንጣው ይፈታል፣ ገመዱ ይፈታል አልኩ። ባለካውያዋ ግን ልጅቷን አዝላ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። በእኔ በኩል ስታልፍ ቆም አለች።

"እሱ ጥፋት የለበትም" አለችኝ። "እኔም የለብኝም። ግን እትዬ፣ ስምንት ወር ገላዬን ስጠላው ከረምኩ። አሁን በአንድ ጩኸት እንዴት ብዬ ልታረቀው?"

እሱ ሳፋውን ተሸክሞ እስከ መኪና መሳፈሪያው ሸኛት።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል ቀጥቃጩ አፌን አላነበበም። ሰላም ስለው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ግንባሬን ያያል። ከንፈር የሚያነብ ሰው ከዚህ የከፋ ስድብ የለውም። በየእረፍት ቀኑ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ እህትየው ቤት ይሄዳል፤ ማታ ይመለሳል፤ አሥራ አንዱ ኮከብ ግድግዳዬ ላይ ይወጣና እስክተኛ ድረስ አይጠፋም። መቼም ጥፋተኛ ሰው ተስፋው ብዙ ነው፤ እኔ ገና እንደ ቀድሞው በጨው ይጮሃሉ እያልኩ እጠብቅ ነበር።

በአምስተኛው የእረፍት ቀን ቀደም ብሎ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰና ደጄ ላይ ቆመ። አፌን አየው።

"እትዬ፣ ዛሬ እጇን ከአፏ አወረደች!" አለ። ግቢው ሰማ።

"እሰይ!" አልኩት፤ ከማሽኑ ተነሳሁ። "ና ግባ! ምን አለችህ?"

"ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። መስኮቱ በጀርባዬ ነው፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ነው። ያቺን ሽርፍ ጥርሷን አየኋት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሳትጮህ፣ አንድ በአንድ ነገረችኝ።"

"ምን ብላ?"

"ልጅህን ለማየት ና፣ ለእኔ ግን አትምጣ አለችኝ።"

እጄን አፌ ላይ ያደረግኩት ሳላውቀው ነው። እሱ ግን አልቅሶ እንኳ አልነበረም። የተጨፈለቀ በር አቅንቶ የጨረሰ ቀን እንደሚያደርገው መዳፉን በሱሪው ላይ ጠረገ።

"አንዲት ቃል አላመለጠችኝም" አለና ወደ ክፍሉ ገባ።

ቁጭ ብዬ መሥራት አቃተኝ። የብጣሽ ጨርቅ ከረጢቴን አወጣሁና፣ አራት ዓመት ሙሉ ያላሰብኩትን፣ የችፑዱን ቀዳዳዎች መድፈን ጀመርኩ። ጨርቁን እጠቀልላለሁ፣ በመቀስ ጫፍ ገፋ አደርገዋለሁ። አንዱን፣ ሁለቱን። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ከወዲያ በኩል "እትዬ" አለኝ። እንዴት ሰማ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ መዳፉን ችፑዱ ላይ አሳርፎ ነበር።

"ተይው" አለ። "አሁን ምን የሚሰማ አለና ነው?"